ለጎንደር ጽሑፎች የትኛው ካርታ ይሻላል? ውክፔዲያ ላይ ካርታ ማስገባት ለምትፈልጉ

ውክፔዲያ ላይ ስለ ጎንደር የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። የፋሲል መዋኛ ከፋሲል ግቢ ምን ያህል ይርቃል? ደብረ ብርሃን ሥላሴ በየት በኩል ነው? ቁስቋም በእግር ይኬዳል ወይስ ባጃጅ ይያዛል? ጽሑፉ ስለ ነገሥታቱ ገጽ ሙሉ ይተርክና እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

እሺ፣ ካርታ እናስገባ ሲባል ደግሞ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ሥዕል ለጥፈህ ተገላገል» ይላል። ሌላው «በጣት የሚጎተት ካርታ እያለ ሥዕል ምን ያደርጋል?» ብሎ ይሞግታል። ሦስተኛው የጉግል ማፕን ስክሪንሾት ሊጭን ይነሳል። የቱ ዘመናዊ ነው ከማለት በፊት አንባቢው ከካርታው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ይቀድማል። የስሜን ተራሮችን ገደል ማየት የሚፈልግ ሰውና ከፒያሳ ወደ መዋኛው መንገድ የሚፈልግ ሰው አንድ ዓይነት ካርታ አይበቃቸውም።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ስልክና ዳታ። እዚህ አብዛኛው አንባቢ ውክፔዲያን የሚከፍተው በስልኩ፣ በገዛው ጥቅል ነው። ገጹ ገና ሲከፈት ዳታ የሚበላ ካርታ አንባቢ ያባርራል።

ቀጥሎ የአማርኛ ስም። ጽሑፉ በአማርኛ ሆኖ ካርታው ላይ ያለው ስም ሁሉ በላቲን ፊደል ከሆነ ሥራው ግማሽ ነው።

ከዚያ እድሳት። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ተከፍሎ ማዕከላዊ፣ ምዕራብና ሰሜን ጎንደር ሲባል የድሮው ወሰን ያለባቸው ካርታዎች ሁሉ አረጁ። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ሲመጣ ካርታውን የሚያስተካክለው ማን ነው? መልሱ «የሠራው ልጅ» ከሆነና ልጁ ሥራ ከበዛበት፣ ካርታው እንዳረጀ ይቀራል።

ያለ ኢንተርኔት መሥራቱም ይቆጠራል። ውክፔዲያን በኪዊክስ አውርዶ ያለ መስመር የሚያነብ ትምህርት ቤት አለ። ገጹን አትሞ የሚወስድ ተማሪም አለ።

ፈቃድ ደግሞ ድርድር የለውም። ውክፔዲያ ላይ የሚገባ ምስል ማንም እንደገና ሊጠቀምበት የሚችል መሆን አለበት። ይህን የማያልፍ ካርታ ምን ቢያምር ይሰረዛል።

የመጨረሻው ልፋቱ ነው፤ ማለትም ኮድ የማያውቅ ሰው ብቻውን ይወጣዋል ወይ? ገንዘብን ለብቻው አላነሳሁትም። ውክፔዲያ ውስጥ ያሉት አማራጮች ሁሉ ነጻ ናቸው፤ የሚከፈለው ጊዜና ዳታ ነው። ብር የሚጠየቀው የራሳችሁን ዊኪ ስትከፍቱ ነው።

ቋሚ ሥዕል

አንድ ሰው ካርታ ይስላል፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የውክፔዲያዎች የጋራ የምስል ማከማቻ) ላይ ይጭናል፣ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባል። በቃ። ገጹ ላይ ከሌላ ፎቶ አይለይም። ይታተማል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይታያል። ኤስቪጂ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ከተሠራ ሲሰፋ አይደበዝዝም፤ ሌላ ሰውም ከፍቶ ስሞቹን ሊያርምበት ይችላል።

ለታሪክ ጽሑፍ ይህን የሚያህል የለም። የሚንቀሳቀሱት ካርታዎች መሠረታቸው ኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ ማንም ሊያርመው የሚችል ነጻ የዓለም ካርታ። እሱ የሚያሳየው ዛሬ መሬት ላይ ያለውን ነው። ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. በዘለቀው ዘመነ መሳፍንት ማን የትኛውን አገር ይገዛ እንደነበር እዚያ ብትፈልጉ አታገኙትም። መሳል አለበት።

ለተራራም እንደዚሁ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስሙን ያስጠራው ገደሉና ሸለቆው ነው። ውክፔዲያ የሚጠቀምበት የሚንቀሳቀስ ካርታ ግን የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ አያሳይም። ራስ ዳሸንን ብታስገቡበት፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ተራራ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነጥብ ይመስላል። ለስሜን ጥላ ያለው የመልክዓ ምድር ሥዕል ይሻላል። እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ቦታ ራሱ ፋሲል ግቢ ነው። በ900 ሜትር አጥር ውስጥ የፋሲለደስ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የምንትዋብ ሕንጻዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። የከተማ ካርታ እዚያ ውስጥ ሲገባ ጠቦ ይቀራል። እያንዳንዱ ሕንጻ ቁጥር የተሰጠው፣ በሩና መተላለፊያው የታየበት ንድፍ ለአንባቢው የበለጠ ይነግረዋል።

ድክመቱ እድሳት ላይ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሥዕልም የያዘውን ወሰን አይለቅም። ስለዚህ የአስተዳደር ወሰንን በሥዕል ማስገባት አልመክርም፤ ካስገባችሁም የተሠራበትን ዓመት ከሥሩ ጻፉ።

ባለ ነጥብ መገኛ ካርታ

ይህ በመለጠፊያ፣ ማለትም ብዙ ገጾች በሚጋሩት ዝግጁ ኮድ፣ የሚሠራ ነው። ባዶ የኢትዮጵያ ካርታ አለ፤ እናንተ ኬክሮስና ኬንትሮስ ትሰጣላችሁ፣ መለጠፊያው አስልቶ ቀይ ነጥብ ያስቀምጣል። ከነጥቡ አጠገብ የሚወጣው ስም ሥዕሉ ላይ የተጻፈ ስላልሆነ በአማርኛ መጻፍ ቀላል ነው። ዳታ አይበላም፣ ይታተማል።

ስለ ቆላ ድባ፣ ጯሂት ወይም አይከል ለሚጻፍ አጭር ጽሑፍ በቂ ነው። አንባቢው «አገሪቱ ውስጥ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ነጥቡ ይመልሳል። ከተማ ውስጥ ግን ዋጋ የለውም። መላው ጎንደር አንድ ነጥብ በሆነበት ካርታ ፋሲል ግቢና መዋኛው አንድ ላይ ይደራረባሉ።

ማፕፍሬም፦ የሚንቀሳቀሰው ካርታ

የብዙ ሰው ልብ ያለው እዚህ ነው። ካርቶግራፈር የተባለው የሚዲያዊኪ (ውክፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር) ቅጥያ የሚሰጠው ካርታ ነው። በብዙዎቹ ውክፔዲያዎች ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ተራ ምስል ነው። አንባቢው ሲነካው ሙሉ ስክሪን ይከፈታል፤ ከዚያ መጎተት፣ ማስፋት፣ ነጥቦቹን እየነኩ ማብራሪያ ማንበብ ይቻላል። ነጥቡ ውስጥ ፎቶና ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚወስድ ማያያዣ ማስገባትም ይቻላል። ዳታውን የሚከፍለው ካርታውን መንካት የፈለገ ሰው ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያው መለኪያ ከሚታማው በላይ ጥሩ ነው።

ለመጀመር ኮድ አያስፈልግም። በእይታ አርታኢው የማስገቢያ ዝርዝር ውስጥ ካርታ የሚል አለ። መሃሉን ታስተካክላላችሁ፣ ነጥብ ትጥላላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ። ከዚህ የሻለ ነገር ስትፈልጉ፣ ለምሳሌ ነጥቦቹ ቁጥር እንዲኖራቸው ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሌላ ምልክት እንዲወጣ፣ ጂኦጄሰን የተባለውን አጻጻፍ መንካት ይመጣል። ከባድ አይደለም፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው።

ካርታውን መሃል ስታደርጉ ኬክሮስና ኬንትሮስ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ጂኦጄሰን ውስጥ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ተከታትለው ይጻፋሉ፣ የሚቀድመውም ኬንትሮስ ነው። ፋሲል ግቢ በግምት 12.608 ኬክሮስ፣ 37.470 ኬንትሮስ ላይ ነው። ከለመድነው አጻጻፍ ገልብጣችሁ 12.608ን ብታስቀድሙ «ተሳስተሃል» የሚል መልእክት አይመጣም። ግቢው ከነግንቡ ሜድትራንያን ባሕር ውስጥ፣ ከሲሲሊ ደሴት ወረድ ብሎ ይገኛል። ነጥባችሁ ጎንደር ላይ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት።

ማፕፍሬም ከሥዕል የሚበልጠው ርቀቱ የተዘበራረቀ ነገር ሲመጣ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. «ፋሲል ግቢ» ተብሎ የተመዘገበው የዓለም ቅርስ አንድ ግቢ ብቻ አይደለም፣ ስምንት ክፍሎች አሉት። ግቢው፣ መዋኛው፣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተማው ውስጥ በጥቂት ኪሎ ሜትር ክልል ናቸው። ጎርጎራ ግን ጣና ዳር ነው። ጉዛራ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ እንፍራዝ አጠገብ ነው። ሁሉንም በአንድ ሥዕል ካሳያችሁ ከተማው ውስጥ ያሉት አራቱ ነጥቦች ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ከተማውን ካሰፋችሁ ጎርጎራና ጉዛራ ከካርታው ይወጣሉ። የሚሰፋና የሚጠብ ካርታ የተፈጠረው ለዚህ ነው። የኔ ምርጫ ሁለት ማፕፍሬም ነው፦ አንዱ ከተማውን፣ አንዱ እስከ ጣና ድረስ ያለውን። ገና ሳይነካ የሚታየው ምስልም የሆነ ነገር መናገር አለበትና።

ወሰንን በተመለከተም ትልቅ ጥቅም አለው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የተሳለው ወሰን የዊኪዳታ (ውክፔዲያዎች የሚጋሩት የመረጃ ቋት) ቁጥሩ ከተጻፈበት፣ ማፕፍሬም በዚያ ቁጥር ወሰኑን ራሱ ስቦ ያመጣል። በእጅ መሳል ቀረ። ወሰኑ አንድ ቦታ ሲታረም በሁሉም ቋንቋ ያሉ ጽሑፎች አብረው ይታረማሉ። እርግጥ አንድ ሰው እዚያ ቢያበላሸውም አብረው ይበላሻሉ፤ አልፎ አልፎ ማየት ነው።

አሁን ዋናው ጣጣ። ማፕፍሬም አስገብታችሁ ካርታው ላይ አማርኛ ካጣችሁ፣ ችግሩ ውክፔዲያ ጋ አይደለም። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ እያንዳንዱ ቦታ አንድ አጠቃላይ ስምና በየቋንቋው የሚጻፍ ስም አለው። የአማርኛው ቦታ ባዶ ከሆነ ካርታው ያገኘውን ሌላ ስም ያወጣል። መፍትሔው አካውንት ከፍቶ መሙላት ነው፤ ነጻ ነው፣ ድረ ገጹ ላይ ባለው ማረሚያ በስልክም ቢሆን እየተጨናነቁ፣ በላፕቶፕ በምቾት ይሠራል። አዘዞ፣ ማራኪ፣ አራዳ፣ አውቶፓርኮ፣ ቀሃ፣ አንገረብ፦ የሰፈሩ ሰው ስሙን ከማንም በላይ ያውቃል። የፊደሉ ነገር ካከራከራችሁ የውክፔዲያው ጽሑፍ ርዕስ የተጻፈበትን ተከተሉ። ከጉግል ማፕ ላይ አይታችሁ መቅዳት ግን ክልክል ነው። የምታውቁትን ጻፉ፣ ወይም በቦታው ሄዳችሁ በስልካችሁ ጂፒኤስ ያዙ። ያረማችሁት ስም ውክፔዲያ ላይ ወዲያው ካልታየ አትደንግጡ፤ የውክፔዲያ ካርታ የሚታደሰው ዘግየት ብሎ ነው።

ድክመቶቹን ልጨርስ። በኪዊክስ የሚነካካው ክፍል አይሠራም። ሲታተም ያው ተራ ምስል ነው። ከፍታ አያሳይም፣ ያለፈ ዘመን አያሳይም።

ማፕሊንክ

የማፕፍሬም ታናሽ ወንድም ነው። ካርታው ገጹ ላይ አይታይም፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለ ማያያዣ ሲነካ ይከፈታል። እስኪነካ ድረስ የካርታ ዳታ አይጠይቅም። ለአጫጭር ጽሑፍና የቦታ ዝርዝር ላለበት ሰንጠረዥ ይመቻል። በየመስመሩ ካርታ መደርደር ገጹን ያከብደዋል፣ ማያያዣ ግን አይሰማውም።

ኮመንስ ላይ የሚቀመጥ የካርታ ዳታ

እዚህ ካርታው ራሱን የቻለ ገጽ ሆኖ ኮመንስ ላይ ይቀመጣል፣ ማፕፍሬሞች ከዚያ ይስቡታል። አንዴ ትሠሩታላችሁ፤ የጎንደር፣ የጥምቀት፣ የፋሲል መዋኛ ጽሑፎች፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም፣ ይጠቀሙበታል። የነጥቦቹን ስም በተለያየ ቋንቋ እዚያው መጻፍ ይቻላል።

ጥሩ ምሳሌው ጥምቀት ነው። በዓሉ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጎንደሩ ደግሞ ከየአቅጣጫው ሰው የሚመጣለት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ከየደብራቸው ተነስተው ወደ መዋኛው ይወርዳሉ። የእያንዳንዱ ታቦት መንገድ በየቀለሙ መስመር ሆኖ ቢቀመጥ፣ በቃል ሦስት አንቀጽ የሚፈጀው ነገር በአንድ ካርታ ይታያል። ኦፕንስትሪትማፕ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ስላልሆነ የዳታ ገጽ ትክክለኛው መፍትሔ ነው።

«አርባ አራቱ የጎንደር አድባራት» ላይ ግን ረጋ በሉ። ሐሳቡ ያጓጓል፣ ካርታውም ያምራል። ነጥብ መጣል ግን «ይህ ደብር ከአርባ አራቱ አንዱ ነው» ብሎ መመስከር ነው፣ ውክፔዲያ ደግሞ ምንጭ ይጠይቃል። ምንጭ ያለውን ብቻ ጣሉ። ካርታው ላይ ሠላሳ ቢሆኑ ነውር የለውም።

ልፋቱ ከሁሉም ይበልጣል። ጂኦጄሰን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ጉግል ማፕስ?

አይሆንም። ስክሪንሾቱ በቅጂ መብት ይሰረዛል፤ ካርታውን ገጹ ውስጥ መክተት ደግሞ ውክፔዲያ የውጭ ኮድ ስለማይቀበል አይሠራም። አንባቢው ጉግል ማፕን ከወደደ፣ የጽሑፉ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር በመለጠፊያ ከገባ ቁጥሩን ሲነካው ብዙ የካርታ አገልግሎቶች የተዘረዘሩበት ገጽ ይከፈትለታል። ከዚያ ይምረጥ።

የራሳችሁን ዊኪ ከከፈታችሁ

የተማሪዎች ክበብ ወይም የአስጎብኚዎች ማኅበር በሚዲያዊኪ የራሱን የአካባቢ ኢንሳይክሎፒዲያ ሊከፍት ይችላል። ያኔ ነገሩ ይለወጣል። የውክፔዲያ የካርታ አገልግሎት ለዊኪሚዲያ ፕሮጀክቶች የተዘጋጀ ስለሆነ ካርቶግራፈርን እንዳለ ወስዶ መጠቀም አይቻልም። ማፕስ የተባለው ቅጥያ ከሊፍሌት (ካርታን ድረ ገጽ ላይ የሚያሳይ ነጻ ሶፍትዌር) ጋር ይሻላል፤ ከኦፕንስትሪትማፕ ጋር ይሠራል። የኦፕንስትሪትማፕ ሰርቨር ለትንሽ ተጠቃሚ ነጻ ነው፣ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። ጎብኚ ከበዛ ሌላ አቅራቢ መፈለግ ይመጣል። የጉግልን የመረጣችሁ እንደሆነ የክፍያ አካውንት መክፈት የግድ ነው፤ እዚህ አገር ውጭ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ለእንዲህ ዓይነት ክበብ ሊፍሌት ይበቃል ባይ ነኝ።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ዳታ | የአማርኛ ስም | እድሳት | ያለ ኢንተርኔት | ልፋት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቋሚ ሥዕል | ትንሽ | እንደ ሠሪው | ከባድ | ይሠራል | መሳል ለሚችል መካከለኛ |
| ባለ ነጥብ ካርታ | ትንሽ | ቀላል | ቀላል | ይሠራል | ትንሽ |
| ማፕፍሬም | ሲነካ ብቻ ይጨምራል | ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ከተሞላ | በብዙ ሰው | መነካካቱ አይሠራም | ከትንሽ እስከ መካከለኛ |
| ማፕሊንክ | እስኪነካ የለም | እንደ ማፕፍሬም | በብዙ ሰው | አይሠራም | ትንሽ |
| የኮመንስ ዳታ | እንደ ማፕፍሬም | እዚያው ይጻፋል | አንድ ቦታ ላይ | መነካካቱ አይሠራም | ብዙ |
| ሊፍሌት በራስ ዊኪ | መካከለኛ | እንደ ምንጩ | በእናንተ | አይሠራም | ብዙ፣ የሰርቨር ወጪ አለው |

ለማን የቱ?

ስልክ ብቻ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ካላችሁ፣ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ዊኪዳታ ላይ አስገቡና ጽሑፉ ላይ ባለ ነጥብ ካርታ ጨምሩ። ዊኪዳታ ላይ የገባው ቁጥር ለሌላው ቋንቋም ይጠቅማል። ከዚህ ያነሰ ልፋት፣ ከዚህ የበለጠ ጥቅም የለም።

አስጎብኚ ከሆናችሁና እንግዳ የሚጠይቃችሁን የምታውቁ ከሆነ ማፕፍሬም ለእናንተ ነው። አምስት ስድስት ነጥብ ይበቃል። አርባ ነጥብ ያለበት ካርታ ስልክ ላይ የጉንዳን መንጋ ነው።

ተማሪዎቻችሁ በኪዊክስ የሚያነቡ መምህራን ቋሚ ሥዕል ሥሩ፤ መስመር ላለው ሰው ከሥሩ ማፕሊንክ አድርጉለት። ታሪክ የምትጽፉም እንደዚያው። ስለ ስሜን ከሆነ ሥዕሉ ለከፍታው፣ ትንሽ ማፕፍሬም ደግሞ ለፓርኩ ወሰንና ለደባርቅ መንገድ ጎን ለጎን ይሂዱ።

ላፕቶፕ ያላቸው አምስት ስድስት ልጆች ተሰብስበው ጥቂት ሳምንት መሥራት ከቻሉ ቅደም ተከተሉ ላይ አልደራደርም። መጀመሪያ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የአማርኛ ስም፣ ቀጥሎ ማፕፍሬም፣ የጥምቀቱ ዳታ መጨረሻ። ብዙ ሰው ከሚያምረው ይጀምርና ስሙ ላይ ይታክታል፤ ከዚያ የላቲን ፊደል የሞላበት ካርታ ለዓመታት ይቀመጣል።

ከማስቀመጣችሁ በፊት መሞከሪያ ገጽ ላይ አይታችሁ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ፣ ከተቻለ ረከስ ባለ ስልክ ክፈቱት። እዚያ ከዘገየ ነጥቦቹን ቀንሱ ወይም ወደ ማፕሊንክ ቀይሩት። ጽሑፉ ላይ ቀድሞ ሌላ ሰው ያስገባው ካርታ ካለ ደግሞ ከማንሳታችሁ በፊት ውይይት ገጹ ላይ ምክንያታችሁን ጻፉ።